የማይዋኙበት ፏፏቴ፣ የሚዋኙበት ፍል ውሃ

አዋሽን የማያውቅ ማን አለ? በጊንጪ በኩል ያለ ገበሬ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ በእግሩ ይሻገረዋል። የቆቃ ዓሣ አጥማጅ በጀልባ ይቀዝፍበታል። የአፋር አርብቶ አደር ግመሉን ያጠጣበታል። ወንዙ አንድ ነው። ከደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ታዲያ ይህን ሁሉ ተጉዞ ባሕር አይደርስም። በጅቡቲ ጠረፍ ላይ አቤ ከሚባል ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የምናወራችሁ ይህ ወንዝ በጉዞው ላይ ስለሚያልፍበት አንድ ቦታ ነው። ቦታው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይባላል። እዚያ ሁለት ዓይነት ውሃ አለ። አንዱ ቀዝቃዛ ነው፤ ሲያዩት ያስጎመጃል፤ ነገር ግን አይገቡበትም። ሌላው ከመሬት ውስጥ ሞቆ ይወጣል፤ ሰው ግን ይዋኝበታል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል፣ አይደል? እኛም መጀመሪያ ስንሰማ ገርሞን ነበር። የዩኒቨርሲቲ ጓደኞች ተሰባስበን፣ ስንቃችንን ቋጥረን ሄድን። ያየነውንና ጠይቀን የተረዳነውን እንንገራችሁ።

በቅድሚያ ግን «ብሔራዊ ፓርክ» ማለት ምን ማለት ነው? የዱር አራዊት፣ ወፎችና ዛፎች እንዳይጠፉ መንግሥት በሕግ የከለለው መሬት ነው። አይታረስም፤ አይታደንበትም። ሰው ግን በበሩ ገብቶ፣ የመግቢያ ከፍሎ ያየዋል። የአዋሽ ፓርክ የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በ1961 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። ሲታወጅ ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። «ካሬ ኪሎ ሜትር» ለጆሯችሁ እንግዳ ከሆነ በጋሻ እናስላው። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ነው። እንግዲህ ፓርኩ 1,890 ጋሻ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ሁሉ መሬት ቀድሞ ባዶ አልነበረም። ስለ እሱ ኋላ እናነሣለን።

ከአዲስ አበባ ተነሥተን፣ በአዳማና በወለንጪቲ አድርገን ወደ ምሥራቅ ወረድን። መውረድ ስንል የእውነት መውረድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። የአዋሽ ሜዳ ግን 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ጋቢ ለብሶ የተነሣ ሰው ወለንጪቲ ሲደርስ ጋቢውን ያጥፋል። መተሐራ ሲደርስ ኮቱንም ያወልቃል። ግራር ይበዛል፤ ቤት ይሳሳል፤ በበሬ ፋንታ ግመል ይታያል።

መተሐራ ከመግባታችን በፊት መኪናው በአንድ ሰፊ ውሃ ዳር አለፈ። በሰቃ ሐይቅ ይባላል። በዙሪያው ጥቁር ድንጋይ ተከምሯል። ድንጋዩ ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ የፈሰሰና በኋላ የደረቀ ነው። ይህን ሐይቅ ልብ በሉት። ከ60 ዓመት በፊት ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ እያደገ ሄዶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። የግጦሽ መሬት ውጧል። የመኪናውንና የድሮውን የባቡር መንገድ አስቸግሯል። ለምን አደገ? ያጠኑት ሰዎች ከመሬት ሥር የሚመጣውን ፍል ውሃና ከመስኖ እርሻዎች የሚሰርገውን ትርፍ ውሃ ምክንያት ያደርጋሉ። ታዲያ ይህን ያህል ውሃ እያለ ሰዉ ለምን ይጠማል? ሐይቁ ጨዋማ ነዋ! ለሰው መጠጥ አይሆንም። ማሳ ላይ ቢለቁት ደግሞ አፈሩን ጨው ያደርገዋል።

ከመተሐራ አልፈን ወደ ፓርኩ ገባን። መንገዱ ፓርኩን ለሁለት ይከፍለዋል። በደቡብ በኩል ያለው ሜዳ ኢላላ ሳላ ይባላል። ሳላ የዱር እንስሳ ነው። ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለና ረጅም ነው። ፊቱ በጥቁርና በነጭ ቀለም የተቀባ ይመስላል። ሴቷም እንደ ወንዱ ረጅም ቀንድ አላት። ሳላ ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ርጥበቱን ከሚበላው ሣርና ቅጠል ያገኛል። ሰው እንዲህ ቢሆን ኖሮ የስንቱ ጣጣ በቀረ!

ጠዋት ነበርና የሜዳ ፍየልና ከርከሮም አየን። በፓርኩ ውስጥ የተመዘገቡት የወፍ ዓይነቶች ከ450 ይበልጣሉ። እኛ 20ውን እንኳ በስማቸው መጥራት አልቻልንም። አንበሳ አላየንም፤ ባለማየታችንም አላዘንንም። አራዊትን ማየት የሚፈልግ ሰው ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ፣ ወይም ማታ ስታዘቀዝቅ ይሂድ። እኩለ ቀን ላይ አውሬውም እንደ ሰው ጥላ ፈልጎ ይተኛል።

ፏፏቴው

ፏፏቴው ገና ሳይታይ ድምፁ ይሰማል። አዋሽ ሰፋ ብሎ በዝግታ ይመጣና ድንገት መሬቱ ከሥሩ ይከዳዋል። በጥቁሩ ድንጋይ ላይ በብዙ ጅራት ተከፋፍሎ ይወድቃል። ከታች ጉም የመሰለ ርጭት ይነሣል። ከዚያ ወዲያ ወንዙ በገደል ውስጥ ይሄዳል። በአዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ አጠገብ ገደሉ 150 ሜትር ያህል ይጠልቃል።

የውሃው መልክ እንደ ወሩ ይለያያል። በበጋ ጠራ ይላል፤ ጅራቱም ይቀጥናል። በክረምት ግን ወተት የገባበት ቡና ይመስላል። ይህ ቀለም ከየት መጣ? ከደጋው ማሳ ነው። ተዳፋት መሬት እርከን ሳይሠራለት ሲታረስ ዝናቡ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ደጋ ያለው ገበሬ «ማሳዬ ሳሳ» ይላል፤ የሳሳው አፈር እዚህ ገደል ላይ ሲገለበጥ ይታያል። ጎብኚው «እንዴት ያምራል!» ብሎ ፎቶግራፍ ያነሣል። ያምራል፤ አንክድም። እኛ ግን ከገበሬ ቤት የወጣን ልጆች ስለሆንን ዓይናችን አፈሩ ላይ ቀረ።

ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ውሃው ከሥራችን ነው። ከፏፏቴው ዝቅ ብሎ ረጋ ያለ ኩሬ ይታያል። ከእኛ ጋር የነበሩት የፓርኩ ጠባቂ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ እዚያ ታች ውሃው የተኛ ይመስላል። ትንሽ ብንነከርስ?» አልናቸው።

«እኔ የምፈራው የተኛውን ነው» አሉና ወደ አሸዋው ወሰዱን።

አሸዋው ላይ ጆንያ የተጎተተበት የሚመስል መስመር አለ። በመስመሩ ግራና ቀኝ የጣት ምልክት ተረግጧል። መስመሩ ከአሸዋው ተነሥቶ ወደ ውሃው ይገባል። ከውሃው ግን አይወጣም።

«አዞ ነው። ዛሬ ጠዋት ነው የገባው» አሉን ጠባቂው።

ከዚያ በኋላ ስለ መዋኘት ያነሣ ሰው አልነበረም።

አዞ ገላውን ከውስጥ እንደ ሰው አያሞቅም። ሙቀቱን ከፀሐይና ከአካባቢው ያገኛል። ስለዚህ ጠዋት አሸዋ ላይ ወጥቶ ይሞቃል። ሲበቃው ተመልሶ ይገባል። ውሃ ውስጥ ሲሆን ዓይኑና አፍንጫው ብቻ ብቅ ይላሉ። ሲፈልግ እነሱንም ይደብቃል፤ ትንፋሹን ይዞ ረጅም ጊዜ ይቆያል። አዞ ሮጦ አያሳድድም፤ ያደባል። የሚያደባውም ውሃው ረጋ ባለበት፣ ከብት በሚጠጣበት፣ ሰው በሚቀዳበት ዳርቻ ነው።

አዞ ያለው በአዋሽ ብቻ አይደለም። በዓባይ አለ፤ በባሮ አለ፤ በኦሞ አለ፤ በጫሞ ሐይቅ አለ። በእነዚህ ውሃዎች ዳር የምትኖሩ ካላችሁ ጠባቂው የነገሩንን እናካፍላችሁ። በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ አትቅዱ፤ አዞ የሰውን ልማድ ያጠናል። ዳር ላይ ቁጢጥ ብላችሁ አትቆዩ። በረጅም እንጨት ላይ የታሰረ ጣሳ ወይም ቆርቆሮ ይሻላል። ልጅ ብቻውን ውሃ አይውረድ። ሲመሽ ደግሞ ከወንዝ መራቅ ነው። «አዞ አለ» የሚል ሰሌዳ ካያችሁ አንብባችሁ ላላነበበው ንገሩት። ሰሌዳ የሌለ እንደሆነ ግን አዞ የለም ማለት አይደለም።

አዞ ባይኖርስ? ፏፏቴ ሥር መዋኘት ያን ጊዜም ቀላል አይደለም። ከላይ የሚወርደው ውሃ ከታች አዙሪት ይፈጥራል። አዙሪቱ ሰውን ወደ ታች ይስባል፤ ዋና የሚችለውንም ያደክማል። ድንጋዩ አረንጓዴ ልባስ አለው፤ ያንሸራትታል። ደግሞም ደራሽ አለ። እዚህ ቆላ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደጋ ላይ ሊዘንብ ይችላል። የደጋው ውሃ ሳይታሰብ ይደርሳል። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ወዲያው ወደ ከፍታ መውጣት ነው። ጫማዬን፣ ልብሴን ማለት አያስፈልግም።

ከፏፏቴው ሳንርቅ ስለ ዝንጀሮዎቹ አንድ ነገር እንበል። አዋሽ ላይ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮ ይገናኛል። ከላይ በኩል ያለው ጠጉሩ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቡናማ ነው። ከታች በኩል፣ በበረሃው የሚኖረው ደግሞ ወንዱ ግራጫ ጎፈርና ቀይ ፊት አለው። ሁለቱ በፏፏቴው አካባቢ ይዳቀላሉ። የውጭ አገርና የአገራችን ተመራማሪዎች ይህን ለብዙ ዓመታት ሲያጠኑ ኖረዋል። አህያና ፈረስ ሲዳቀሉ በቅሎ ይወለዳል፤ በቅሎ ግን አትወልድም። የአዋሽ ዲቃላ ዝንጀሮዎች ግን ይወልዳሉ። ነገሩን ስንሰማ ከእኛ አንዱ ምሳውን መብላት ረሳ። ዝንጀሮው ግን አልረሳም፤ ዳቦውን ይዞበት ሄደ።

የመስኖ ቦይስ?

«እሺ፣ ከአዞው እንራቅ። በመስኖ ቦይ ውስጥ ብንታጠብስ?» የሚል ይኖራል። በመተሐራ አካባቢ ቦይ ብዙ ነው። ሙቀት ያቃጠለው ልጅ ዘሎ ይገባል። ነገር ግን በዝግታ በሚሄድ፣ ሣርና ቅጠል በበዛበት ውሃ ውስጥ ትንሽ ቀንድ አውጣ ይኖራል። በቀንድ አውጣው ውስጥ የሚያድግ ከዓይን የተሰወረ ትል አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በሰው ቆዳ ይገባል። በሽታው ቢልሃርዚያ ይባላል። የታመመ ሰው ሽንቱ ወይም ሰገራው ደም ሊኖረው ይችላል። የታመመው ሰው ውሃ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ተመልሶ ውሃ ውስጥ ይገባል። እንዲህ እየዞረ ይኖራል። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት ያድነዋል፤ ግን ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ድኖ ወደዚያው ቦይ ለሚመለስ ሰው በሽታውም ይመለስበታል።

እዚህ ላይ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሥራ ሳይነሣ አይታለፍም። በ1956 ዓ.ም. ገደማ ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ ተመለከቱ። ከሚታጠብበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አገኙ። ከሚታጠብበት በላይ ያሉት ግን አልሞቱም። እናቶቻችን ነጠላ የሚያነጹበት እንዶድ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል እንዲህ ታወቀ። ዶክተር አክሊሉ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሆነው ለዚህ ሥራ በ1982 ዓ.ም. ከአገር ውጭ ትልቅ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድ በየጓሯችን አለ። ስንቶቻችን ነን ይህን የምናውቅ?

ወደ ፍል ውሃው

ከዋናው መንገድ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። በጉዞው ላይ የፈንታሌ ተራራ ይታያል። ከፍታው 2,007 ሜትር ነው። አናቱ እንደ ድስት ጎድጓዳ ነው፤ በጥንት ዘመን እሳት የተፋበት አፍ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የቀለጠ ድንጋይ ያፈሰሰው ከ200 ዓመት በፊት ገደማ ነው።

ከደረቁ ሜዳ መካከል ድንገት የዘንባባ ዛፎች ብቅ ይላሉ። ዘንባባ ሲያዩ ውሃ ቅርብ እንደሆነ ይወቁ። ከዛፎቹ ሥር ኩሬዎች አሉ። ውሃው እንደ ሰማይ ሰማያዊ፣ እንደ ቅጠልም አረንጓዴ ይመስላል። በጣም ጥርት ያለ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጠጠር ይቆጠራል። እጅ ሲነክሩት ግን ይሞቃል። ቦታው ስሙም ፍል ውሃ ነው።

ፍል ውሃ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከፍል ውሃ ዳር ነው። ብዙ ሰው ለቁርጥማትና ለቆዳ ሕመም እያለ ወደ ፍል ውሃ ይሄዳል። ለመሆኑ ውሃው ለምን ይሞቃል? እንጨት የሚማግድለት ማን ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአፋር ተነሥቶ አገራችንን ሰንጥቆ ወደ ኬንያ የሚሄድ ረጅም ዝቅተኛ ቦታ አለ። ስምጥ ሸለቆ ይባላል። እዚያ መሬት በጣም በዝግታ እየተለያየ ነው። ስለዚህ ከሥር ያለው የጋለ ድንጋይ ከሌላው አገር ይልቅ ለላይኛው መሬት ይቀርባል። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በስንጥቁ እየሰረገ ወደ ታች ይወርዳል። እዚያ ይግላል። የጋለ ውሃ ደግሞ ወደ ላይ መውጣት ይወዳል። በሌላ ስንጥቅ ተመልሶ ይመጣል። ምድጃው ከመሬት በታች ነው ማለት ነው።

ምድጃው ግን ሁልጊዜ ጸጥ ብሎ አይኖርም። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ ለወራት በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬት ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ። መሬት ተሰነጠቀ፤ ቤት ፈረሰ። በዶፈን አጠገብ በታኅሣሥ ወር እንፋሎት ከመሬት እየፈነዳ ወጣ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወደ ሌላ ስፍራ ተወሰዱ። መንቀጥቀጡ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ስለ መሬቱም ስለ መንገዱም ይጠይቅ።

ወደ ኩሬው እንመለስ። የሰው ገላ ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው። የፍል ውሃው ኩሬዎች ከ36 እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳሉ። 36 ዲግሪ ደስ ይላል። 45 ዲግሪ ግን ቆዳ ያቃጥላል። ኩሬዎቹ በመልክ አይለዩም። ስለዚህ ዘሎ መግባት የለም። በመጀመሪያ ክርናችሁን ንከሩ፤ እናት የሕፃን ገላ ልታጥብ ስትል እንደምታደርገው ማለት ነው። ክርን ከቻለው እግር ይግባ፤ እግር ከቻለው ወገብ። እኛ እንደዚህ ነበር የገባነው። መጀመሪያ «ዋይ!» አልን፤ ከዚያ ዝም አልን። የመንገዱ አቧራ ከነድካሙ ለቀቀን።

ጠባቂው ዳር ላይ ተቀምጠው ሰዓታቸውን ያያሉ። ሩብ ሰዓት ሲሆን «በቃ፣ ውጡ» አሉን። ሙቅ ውሃ ውስጥ ብዙ የቆየ ሰው ልቡ ይደክማል፤ ሲነሣ ዓይኑ ይጨልምበታል። ልበ ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ባይገቡ ይሻላል። ጠጥቶም መግባት አይገባም። የፍል ውሃውን ውሃ አትጠጡት፤ የምትጠጡትን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። «እዚህ ሞቃቱ ውስጥ አዞ አይኖርም፤ ያቃጥለዋል። ከዚህ ርቃችሁ ውሃው ወደሚቀዘቅዝበት፣ ደንገሉ ወደበዛበት ግን እንዳትሄዱ» አሉን።

የማን ውሃ ነው?

ከኩሬው ወጥተን ስንደርቅ ግመሎች መጡ። ቆጠርናቸው፤ 23 ናቸው። ከኋላቸው አንድ ሽማግሌና አንድ ወጣት ይከተላሉ። ከረዩዎች ናቸው። ወጣቱ አማርኛ ያውቃል፤ እያስተረጎመን ከሽማግሌው ጋር ተነጋገርን።

ከረዩዎች በፈንታሌ ዙሪያ ከጥንት ጀምሮ ከብት ሲያረቡ የኖሩ ናቸው። በዝናብ ወራት ከብቱን ይዘው ራቅ ይላሉ። ሩቁ ሣር ሲደርቅ ደግሞ ወደ አዋሽ ዳር ይመለሳሉ። የበጋ ጎተራቸው የወንዙ ዳር ነበር ማለት ይቻላል። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግን በመተሐራ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ተስፋፋ። በዚያው ዘመን ፓርኩ ተከለለ። ወንዙ ዳር አገዳ ሆነ፤ ሜዳው የሳላ ሆነ። ወዲያው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ መጣ። ከብት የሚሸሽበት ቦታ ጠቦ ስለ ነበር እልቂቱ በረታ። በከረዩና በአፋር መካከልም በሣርና በውሃ ምክንያት ግጭት ሲነሣ ኖሯል።

በሌላ በኩል ከብት ሁሉ ያለ ገደብ ቢገባ ሳላው ምን ይግጣል? ሜዳው ከተጋጠና ከተረገጠ ሣሩ ይቀራል፤ እሾህ ይበቅላል። ያ ደግሞ ለከብቱም አይሆንም። ሁለቱም እውነት ናቸው። እኛ ግን «አጥር ብቻ ይበቃል» የሚሉትን አንስማማባቸውም። አጥር ሲበጅ ያልተጠየቀ ሰው አጥሩን አይጠብቅም። የከለከሉትን ውሃ የሚተካ ጉድጓድ መቆፈር፣ በክፉ ቀን የሚገባበትን ግጦሽ አስቀድሞ መስማማት፣ ከጎብኚ ከሚገኘው ገንዘብ ለአካባቢው ሰው ማካፈል ያስፈልጋል።

ሽማግሌውን «አባቴ፣ እኛ እንግዶች እዚህ ስንዋኝ ቅር ይላችኋል?» ብለን ጠየቅናቸው።

ሽማግሌው ወደ ውሃው አዩ። መልሳቸውን ወጣቱ እንዲህ ሲል ተረጎመልን፦ «መዋኘቱስ ይሁን። ውሃው ይፈሳል፤ አያልቅም። ግን እናንተ የምትታጠቡት ከላይ ነው። የእኔ ከብት የሚጠጣው ከታች ነው። አንዳንዱ ሰው መኪናውን ሳይቀር እዚህ ያጥባል። አረፋው ወደ እኛ ይመጣል። እንስሳ አረፋውን ሲያይ አፉን ያነሣል።»

ከፍል ውሃው የሚወጣው ውሃ በዘንባባዎቹ መካከል እየፈሰሰ ይቀዘቅዛል። ከብቱም ግመሉም የሚጠጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ወደ ፍል ውሃ የምትሄዱ ሳሙና አትያዙ። ሳሙና የግድ ከሆነ ውሃውን በባልዲ ቀድታችሁ፣ ከምንጩ ራቅ ብላችሁ፣ አፈር ላይ ታጠቡ። የላስቲክ ከረጢትና የብርጭቆ ስባሪ አትጣሉ፤ ላስቲክ የዋጠ ከብት ሆዱ ተዘግቶ ይሞታል። ስትደርሱ ከብት እየጠጣ ከሆነ ጠጥቶ እስኪሄድ ጠብቁ። ሰላምታም አይረሳ።

ጊዜን በሚመለከት፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያሉት ወራት ይሻላሉ፤ ሙቀቱ ይቀላል። ኮፍያ ወይም ጥላ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ የተዘጋ ጫማ ያዙ። አጎበርም አይቅር፤ ቆላ ነውና ወባ አለ። ሳይመሽ ከፓርኩ መውጣት ያስፈልጋል። ማታ ማታ ከፈንታሌ በኩል ጅብ ይወጣል።

ሽማግሌው መርቀውን ወደ ግመሎቻቸው ሄዱ። መኪናችን ሲነሣ ግመሎቹ ገና እየጠጡ ነበር። የተጠማ ግመል በአንድ ጊዜ ከ100 ሊትር በላይ ይጠጣል። ወጣቱ ከፊት ለፊታቸው ቆሞ በዱላው ከውሃው ላይ ቅጠል ይገፋላቸዋል።